ልስን ሳይሸፍነው አንዴ እንየው

ባለፈው የያሆዴ ሰሞን ሆሳዕና ነበርኩ። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ዘመዴ ያሠራውን ጂ+3 ሕንፃ የሚጠብቁለት አጎቱ ናቸው፤ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ቡና ጠጥተን ስናበቃ “ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ” ብለው ወደ ደረጃው ወሰዱኝ። ከሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ሥር የትሪ ስፋት ያለው ልስን ኮንክሪቱን ይዞ ወድቋል። ፌሮው ዝጎ ተገልጦ ይታያል። ጥግ ላይ አንድ ቆርቆሮ ቀለምና ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ተዘጋጅቷል።

“ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ሳይደርስ ላስደፍነው ነው” አሉኝ።

“ለምን ጋሼ? ይየው እንጂ።”

“አይሆንም። ዘጠኝ ዓመት ሱቅ ውስጥ እያደረ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። ይህን አይቶ ምን ልብ ይዞ ይመለሳል?”

መልስ አጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ኮንክሪትና ስለ ሌዘር ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤላችሁ የመጣሁት። ታገሡኝ።

የሐዲያና የከምባታ ከተሞች በምን ገንዘብ እንዳደጉ የአካባቢው ሰው አያጣውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና ከተተከሉት ፎቆች ውስጥ ስንቱ ከጆሃንስበርግና ከደርባን ዙሪያ ሰፈሮች በተላከ ገንዘብ እንደቆመ ለማወቅ አንድ መንገድ ዳር ቆሞ “ይሄ የማን ነው?” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ገንዘቡ እንዴት እንደሚገኝም እናውቃለን። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ የሚያልፈው መንገድ ስንቱን በላ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ቴቴ በተባለው የሞዛምቢክ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። የደረሰውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃት ሱቁ የተዘረፈበት፣ ጓደኛው የተገደለበት ብዙ ነው። ያ ሁሉ ታልፎ የመጣው ገንዘብ በመጨረሻ ፌሮ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ሲሚንቶ ይሆናል። ባለቤቱ ግን ግንባታው ላይ የለም። ሕንፃውን የሚያየው በስልክ በሚላክለት ፎቶ ነው። ፎቶው ደግሞ ቀለሙን እንጂ ኮንክሪቱን አያሳየውም።

ኮንክሪት እንዴት ይታመማል? ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ ያለው የኮንክሪት ሽፋን ነው፤ ለተራ ሕንፃ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሽፋኑ ቀጭን ከሆነ፣ ወይም ሲሞላ በቫይብሬተር በደንብ ሳይጠቀጠቅ የማር ወለላ መስሎ ከቀረ፣ ወይም ውኃ ሳይጠጣ በፀሐይ ከደረቀ ቶሎ ፌሮው ጋ ይደርሳል። ከዚያ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት የእኛ አገር እርጥበት ይጨመርበታል። ዝገት ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይይዛል። ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ይፈርሳል። ጋሼ ያሳዩኝ የመጨረሻውን ደረጃ ነው። ማበጡ ግን ከመውደቁ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጀምራል። ሰው ዓይኑን አቅንቶ ቢያይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያበጠ ኮርኒስ አይታየውም። መሣሪያ ግን ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌዘር ስካነር የሚባለው መሣሪያ ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቀመጥና ብርሃን እየላከ፣ ተመልሶ የመጣበትን እየለካ፣ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች ይመዘግባል። እያንዳንዱ ነጥብ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አለው። ባለሙያዎቹ ይህን የነጥቦች ደመና ይሉታል። ከአይፎን 12 ፕሮ ወዲህ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ያለው ላይዳርም በትንሹ ይህንኑ ይሠራል፤ እስከ አምስት ሜትር ርቀት፣ ከትልቁ መሣሪያ በጣም ባነሰ ጥራት። ከብዙ ፎቶዎች ተመሳሳይ ነገር የሚያወጣ ፕሮግራምም አለ።

ነጥቡ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ሥራ ነው ዋናው። ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ግድግዳ በየሁለት ሚሊ ሜትሩ ቢመዘገብ 3 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። አንድ ፎቅ ሙሉ ሲሆን ተራ ላፕቶፕ ይታነቃል። ስለዚህ ብልሃቱ ሁሉንም እኩል አለማየት ነው። ግድግዳውን አምስት በአምስት ሴንቲ ሜትር በሆኑ ሣጥኖች ብትከፍሉት 4,800 ሣጥን ብቻ ይወጣል። በየአካባቢው “ይህ ግድግዳ ጤነኛ ቢሆን ገጹ የት ይውል ነበር?” ብሎ ፕሮግራሙ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይዘረጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሣጥን ከዚያ ገጽ ምን ያህል እንደጎደጎደ ወይም እንዳበጠ ይለካል። 4,500ው ምንም የለባቸውም፤ ይታለፋሉ። የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ወደ ሙሉ ዝርዝራቸው ተመልሰው ይመረመራሉ። ጥሩ ሐኪም መቶ በሽተኛ ተሰልፎ ሲያገኝ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ሁሉንም ራጅ አያስነሳም።

ከፎቶ የሚበልጥበትን ነገር ልንገራችሁ። ፎቶ በጥላ፣ በእርጥበት ምልክት፣ በጭቃ ይሸወዳል። ሆሳዕና ላይ ክረምት ያለፈበት ግድግዳ ግማሹ ቀይ አፈር ነው፤ የፎቶ ፕሮግራም ሁሉንም ጉዳት ሊለው ይችላል። ጥልቀት ግን በቀለም አይለወጥም። በዚያ ላይ ቁጥር ይሰጣል። 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነና 3 ሴንቲ ሜትር የጎደጎደ ቦታ 3.6 ሊትር መጠገኛ ይፈልጋል። “አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ግዙ” የሚል ፎርማን ፊት ይህን ይዞ መቆም ቀላል ነገር አይደለም።

የማያየውንም ልንገራችሁ፤ ሻጮቹ ይህን አይነግሯችሁም። ስካነር ገጽ ብቻ ነው የሚያየው። የኮንክሪቱን ጥንካሬ አያውቅም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምንጠቀምበት ከአውሮፓ የተወሰደው ስታንዳርድ በብዙ ሁኔታ የሚፈቅደው የስንጥቅ ስፋት 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነጥቦቹ በሁለት ሚሊ ሜትር የተራራቁ መሣሪያ ይህን ስንጥቅ በፍጹም አያገኘውም። ለቀጭን ስንጥቅ ጥሩ ፎቶና የሰው ዓይን ያስፈልጋሉ። ለባዶ ድምፅ መዶሻ ያስፈልጋል። ስልክ ይዞ ዞሮ “ሕንፃህ ጤነኛ ነው” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሌላም አለ። በውጭ አገር የሠለጠኑት ፕሮግራሞች የለመዱት በብረት ካሳፎርማ የተሞላ ለስላሳ ኮንክሪት ነው። የእኛ ካሳፎርማ ግን በአብዛኛው ጣውላ ነው፤ ድጋፉ ባሕር ዛፍ። ሁለት ጣውላ የተገናኘበት ቦታ አምስት ሚሊ ሜትር የሚዘል መስመር ይቀራል። ፕሮግራሙ ያንን ሁሉ ጉዳት ብሎ ቢጮህ አልፈርድበትም። የጣውላ መስመር ቀጥ ያለና የሚደጋገም፣ ጉዳት ግን ቅርጽ የሌለው መሆኑን የሚያስተምረው ሰው እዚሁ መገኘት አለበት። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛሉ? መስኩ ከግቢው አጥር ውጪ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልግባ። ስለ ቴክኖሎጂ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናስበው ያረጀ ሕንፃ መመርመርን ነው። በእኛ ከተሞች ያ ዘግይቷል፤ ምክንያቱም ኮንክሪታችን አይታይም። መጀመሪያ ልስን ይለብሳል፣ ከዚያ ቀለም፣ ሲያልፍለት ደግሞ ፊቱ በሙሉ በአልሙኒየም ክላዲንግ ይሸፈናል። ኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞች ሲመጣ የሕንፃ ፊት ማሳመር አብሮ መጥቷል። ከተማ ሲያምር ደስ ይለኛል፤ ግን እብጠትና ስንጥቅ ላይ የተቀባ አዲስ ቀለም ጋሼ ሊያደርጉት ከነበረው በምን ይለያል?

ስለዚህ ስካን መደረግ ያለበት ካሳፎርማው በተነሳ ማግስት ነው። ልስን ሳይነካው። በዚያች ቀን ኮንክሪቱ ራቁቱን ነው። የማር ወለላ የሆነው ኮለን፣ ያጋደለው ቢም፣ ሽፋን አጥቶ ስታፋው የሚታይበት ጠርዝ፣ ሁሉም ይታያል። አሁን የሚሆነው ምንድን ነው? ፎርማኑ በማግስቱ አንድ ባልዲ ሞርታር ያስበጥርና ይለጥፍበታል፤ ባለቤቱ ሳምንት ቆይቶ ፎቶ ሲላክለት ሁሉም ለስላሳ ነው። የእያንዳንዱን ፎቅ ራቁት ቀን መዝግቦ ማስቀመጥ ቢቻል ግን ከጆሃንስበርግ ሆኖ ስልኩ ላይ እያዞረ የሚያየው ፋይል ይኖረዋል። “ይህ ኮለን ግርጌው ላይ ምን ሆኗል?” ብሎ ክፍያው ሳይለቀቅ መጠየቅ ይችላል። ዋጋው ከልስን በኋላ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ጥቅም የሚገባን ምድር ስትናወጥ ነው። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ መጠኑ 5 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ጅማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ለወራት ሲናጥ፣ ትልቁ ወደ 6 ተጠግቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በየቴሌግራሙ የግድግዳውን ስንጥቅ እያነሳ ይለጥፍ ነበር። ታስታውሳላችሁ፤ ይህ ቻናልም ሞልቶ ነበር። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ስንጥቅ አዲስ ነው ወይስ ድሮም ነበር? ማንም ሊመልስ አልቻለም፤ “በፊት” የሚባል መዝገብ የለንምና። ሁለት ጊዜ የተወሰደ ስካን ካለ ግን አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝቶ ልዩነቱን ማውጣት የታወቀ ሥራ ነው። አንደኛው ከሌለ ሁለተኛው ግማሽ ዋጋ የለውም።

ትልልቆቹ ሥራዎች ጠባቂ አላቸው። ሐይቁ እስከ ሐዲያና ከምባታ ቆላዎች የሚደርሰው 243 ሜትሩ የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የሚለካ መሣሪያ፣ የሚከታተል መሐንዲስ አለው። ለጂ+3 ማን አለው? ጋሼ ብቻ።

“ይህ ለአገራችን አይሆንም” የምትሉ ትኖራላችሁ። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር ተመዝግበው ያለቁት ዛሬ አይደለም። የመዘገባቸው በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር የተመሠረተው የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት ነው። አዎ፣ ኬፕ ታውን። የእኛ ልጆች ሱቅ ለመጠበቅ በኮንቴይነር ታሽገው ወደሚሄዱበት አገር ያሉ ሰዎች የእኛን ድንጋይ ለመለካት በአውሮፕላን መጥተው ነበር። ይህን ሳስብ ምን እንደሚሰማኝ በትክክል ልገልጸው አልችልም።

ግን ማወቅ ብቻውን እንደማያድንም አልክድም። ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ተደርምሶ 98 ሰው የገደለው አፓርታማ ከሦስት ዓመት በፊት በመሐንዲስ ተመርምሮ በኮንክሪቱ ላይ ከባድ ጉዳት እንዳለ በጽሑፍ ተነግሮት ነበር። ነዋሪዎቹ ወጪውን ማን ይክፈል እያሉ ሲከራከሩ ሕንፃው አልጠበቃቸውም። ጄኖቫ ላይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 የወደቀውና 43 ሰው የጨረሰው የሞራንዲ ድልድይም ሳይታወቅ የወደቀ አይደለም፤ ስለ መዛጉ ለዓመታት ተወርቷል። ያ ሁሉ መሣሪያ ባለበት አገር።

ታዲያ እኛ ጋ ማን ይያዘው? ብዙዎች ቶሎ የሚሉት “መንግሥት ያስገድድ” ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለየከተማው የሕንፃ ሹም ሥልጣን ሰጥቷል፤ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ፕላን፣ ፈቃድና ቁጥጥር ደንግጓል። የእኔ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ነገ “የስካን ማረጋገጫ” የሚባል ወረቀት ግዴታ ቢሆን ከነገ ወዲያ ስካነር አይቶ በማያውቅ ሕንፃ ስም ማኅተም የሚመታበት መስኮት ይከፈታል። ስንት እንደዚህ ዓይነት መስኮት አይተናል! በግንባታ ፈቃድ የተመላለሰ ሁሉ የምለው ይገባዋል።

ስለዚህ ፋይሉ የባለቤቱ ይሁን። አሠሪው ከኮንትራክተሩ ጋር በሚፈርመው ውል ውስጥ አንድ መስመር ያስገባ፦ የእያንዳንዱ ፎቅ ክፍያ የሚለቀቀው ካሳፎርማው ተነስቶ፣ ልስን ሳይጀመር፣ ባለቤቱ የመረጠው ሰው መዝግቦ ከላከለት በኋላ ነው። ቶታል ስቴሽን ይዘው የሚዞሩ ወጣት ቀያሾች በየከተማው አሉ፤ ይህን ሥራ በሳምንታት ይለምዱታል። የከተማው ድርሻ የራሱን መጀመር ነው፤ ከፊት ለፊቱ እየሠራቸው ያሉትን ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ቢሮዎች። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት፤ የሚሠራው ብዙ ነው። አንድ ውድ ስካነር ተገዝቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ግን አልመክርም። መጀመሪያ የሚከራይ ይፈለግ። ድሮን ከታሰበም ለማስነሳት የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ እንደሚጠይቅ አይረሳ፤ ለደረጃና ለሶሌታ ሥር ግን ድሮን አያስፈልግም።

ለኮንትራክተሮችም ጥላቻ የለኝም። ጨዋ ሥራ የሚሠሩ አሉ፤ በሲሚንቶ ዋጋ መናር የተቃጠሉትም እነሱው ናቸው። ለእነሱ ይህ መዝገብ ጠበቃ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ተከራይ ግድግዳ ሰብሮ ቧንቧ ሲያስገባ ለተፈጠረ ጉዳት “አንተ ነህ የሠራኸው” ቢባሉ፣ ያስረከቡትን የሚያሳይ ይዘዋል።

ጋሼን ትተናቸው ነበር። በማግስቱ አንድ ወጣት ቀያሽ ወዳጄን ይዤ ሄድኩ። ላይዳር ያለው ስልኩን ይዞ ደረጃውንና የሁለተኛውን ፎቅ ኮርኒስ በዝግታ ዞረበት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የወደቀው ቦታ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ጎድጉዷል። ያልጠበቅነው ግን ገና ያልወደቁ፣ ወደ ታች ያበጡ ሁለት ቦታዎች ስክሪኑ ላይ በቀይ መውጣታቸው ነው። የስልኩን ልክ ብቻ አላመንነውም። ጋሼ መሰላል አመጡና መዶሻ ያዙ። አንደኛው ሲንኳኳ ባዶ ጣሳ መሰለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከሥሩ ልጆች የሚመላለሱበት ደረጃ ነው።

ጋሼ ከመሰላሉ ወርደው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጠው “በል ላክለት” አሉኝ።

ፋይሉን በቴሌግራም ላክንለት። እዚያ ሌሊት ሱቅ የሚዘጋበት ሰዓት ነበር መሰለኝ፣ ዘግይቶ ነው ያየው። አልተቆጣም፤ አላለቀሰምም። የመለሰው አንድ መስመር ነው።

“ሌሎቹን ፎቆችስ መቼ ታዩልኛላችሁ?”